ቱርቦው ከመገዛቱ በፊት የዘይት ቋቱ ይውረድ

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ባለ 3.0 ሊትር ዲ-4ዲ ቱርቦ ናፍጣ ሞተር የተገጠመለት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ2008 ሞዴል የሆነ ፒካፕ አለኝ። 260,000 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። ቤቴ ፒያሳ፣ ቢሮዬ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ማታ ወደ ቤት ስመለስ የቸርችልን ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበት ያንሰዋል፣ ቱርቦውም ከበፊቱ ጎላ ብሎ ያፏጫል። ዘይት ደግሞ በ1,500 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ያህል ይጎድላል። አንዱ መካኒክ ‹ቱርቦው አልቆለታል፣ ይቀየር› አለኝ፤ ሌላው ‹ቱርቦ ጣጣ ነው፣ ነቅለን አየሩን በቀጥታ እናገናኘው› አለኝ። ይህ ዓይነት ሞተር እምነት የሚጣልበት ነው ወይስ ሸጬው የቤንዚን መኪና ልግዛ?»

ውድ ጠያቂ፣ ከመደምደሚያው ልጀምርና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስረዳ። መኪናውን አይሽጡ፤ ቱርቦውን አያስነቅሉ፤ አዲስ ቱርቦም ገና አይግዙ። ቱርቦ ከመገዛቱ በፊት ከሞተሩ ግርጌ ያለው የዘይት ቋት ይውረድና በውስጡ ያለው የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይታይ። ይህን የምለው ቱርቦ በራሱ ዕድሜ የሚሞትበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በምሠራበት ጋራዥ ሞተው ከሚመጡልን ቱርቦዎች መካከል አብዛኞቹ የሞቱት ሌላ ነገር ገድሏቸው ነው፤ ገዳዩ ሳይታወቅ አዲስ ቱርቦ የተገጠመ እንደሆነ ሁለተኛውም የመጀመሪያውን መንገድ ይከተላል።

ቱርቦ ማለት በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ የተተከሉ ሁለት ባለ ክንፍ መዘውሮች ማለት ነው። አንደኛውን ከሞተሩ የሚወጣው የጋለ ጭስ ያሽከረክረዋል፣ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ዙር ንጹህ አየር እየጨመቀ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል። ሞተሩ ሲጫን ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። በዚህ ፍጥነት የሚዞር ዘንግ ከኩሽኔታው ጋር ብረት ለብረት ቢነካካ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይበላሻልና፣ ዘንጉ በእውነቱ የሚንሳፈፈው ከሞተሩ ፓምፕ በግፊት በሚመጣለት ስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ስለዚህ ቱርቦ በመላው ሞተር ውስጥ የዘይት እጥረትን ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቅ ክፍል ነው። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ የዘይት መብራት ግፊቱ እጅግ እስኪወርድ ድረስ አይበራም፤ መብራቱ እስኪበራ ቱርቦው ተጎድቷል፣ ብሮንዚናዎቹም (የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚዞርባቸው ስስ ሽፋኖች) ተከትለውታል።

አሁን ወደ እርስዎ ሞተር ልምጣ። የገለጹት የቶዮታ 1ኬዲ-ኤፍቲቪ ተብሎ የሚታወቀው ሞተር ነው፤ 2,982 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ 16 ቫልቭ፣ ናፍጣውን በጋራ ቧንቧ ከ1,000 ባር እጅግ በሚበልጥ ግፊት የሚረጭ። በአገራችን በፕራዶም በሃይሉክስም ስለገባ መለዋወጫው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አይጠፋም፣ እጁን ያፍታታበት መካኒክም ብዙ ነው። የሲሊንደር ብሎኩ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ደካማ ጎን አለው፤ እሱም ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር በሚረጩት በኢንጀክተሮቹ ጫፍ ሥር የሚቀመጡት ትንንሽ የመዳብ ሮንዴላዎች ናቸው።

እነዚህ ሮንዴላዎች በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈነዳው ጋዝ በኢንጀክተሩ ዙሪያ ሾልኮ እንዳይወጣ የሚያፍኑ ናቸው። ከጊዜ ብዛት ሲደክሙ፣ ወይም ኢንጀክተር ተፈቶ ሲመለስ አሮጌው ሮንዴላ እንደገና ጥቅም ላይ ሲውል፣ የተቃጠለው ጋዝ ጥላሸቱን እንደያዘ በሞተሩ አናት፣ ቴስታታው ላይ ባለው የቫልቭ ክዳን ሥር ይገባል። እዚያ ያለውን ዘይት ያከስለዋል። የከሰለው ዘይት በመጀመሪያ እንደ ቅባት ጥቀርሻ ይለጠፋል፣ ቀጥሎ ይደርቃል፣ በመጨረሻም እንደ ተፈጨ ከሰል እየተሰባበረ ከዘይቱ ጋር ወደ ታች ይወርድና ፓምፑ ዘይት የሚመጥበትን ወንፊት ይደፍነዋል። የዘይት ፊልትሮ ከዚህ አያድንም፤ ፊልትሮው ያለው ከፓምፑ በኋላ፣ ወንፊቱ ግን ከፓምፑ በፊት ነውና። ዘይቱን በየጊዜው የሚቀይር ጥንቁቅ ባለቤት እንኳ ወንፊቱ ከደፈነ በኋላ ከሞተሩ ግርጌ የሚወርደው ዘይት መጠኑ ሙሉ ስለሆነ ምንም አይጠረጥርም።

አንድ ደንበኛ በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ቱርቦ አስቀይሮ ሦስተኛውን በካርቶን ይዞ መጣ። ሁለቱም ቱርቦዎች ዘንጋቸው ተቃጥሎ ሰማያዊ ቀለም አውጥቶ ነበር፤ ይህ ቀለም ብረቱ ያለ ዘይት መዞሩን የሚያሳይ የማያሻማ ምስክር ነው። ቋቱን ስናወርደው የወንፊቱ ቀዳዳዎች ከግማሽ በላይ በጥቁር ፍርፋሪ ተደፍነዋል። የቀደመው ጋራዥ ሁለቱንም ጊዜ ቱርቦውን በትክክል ገጥሞታል፤ ስህተቱ ወደ ታች አለመመልከቱ ላይ ነው። ሦስተኛው ቱርቦ ከካርቶኑ የወጣው ወንፊቱ ከጸዳ፣ አራቱ ሮንዴላዎች ከተቀየሩና የዘይት ግፊቱ በጌጅ ከተለካ በኋላ ነው።

ምልክቶቹን በራስዎ ሊመረምሩ ይችላሉ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ኮፈኑን ከፍተው ሲያስነሱ ከኢንጀክተሮቹ በኩል እንደ ትንሽ ባቡር «ጩፍ፣ ጩፍ» የሚል ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ያዳምጡ። ቀጥሎ ሞተሩን ያጥፉና የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ ጤነኛ ሞተር ውስጡ ወደ ቡኒ የሚያደላ ቀጭን የዘይት ቀለም ብቻ ነው ያለው፣ የታመመው ግን በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ጥቁር ቅርፊት ለብሷል። በነገራችን ላይ በመለኪያው ዘንግ ላይ የሚታየው ዘይት መጥቆሩ ብቻውን ሕመም አይደለም። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይጠቁራል፤ ጥላሸቱን በውስጡ ተሸክሞ መያዙ ሥራውን መሥራቱ ነው።

ቅርፊት ያገኙ እንደሆነ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፦ ሞተሩን በላምባ ወይም በናፍጣ «እንጠብልህ» የሚልዎትን ሰው አይስሙ። አሮጌው ቅርፊት ባለበት ተጣብቆ እስካለ ድረስ ጉዳቱ ዘገምተኛ ነው፤ በላምባ ሲታጠብ ግን በአንድ ጊዜ ተገንጥሎ ወደ ወንፊቱ ይወርድና ሞተሩን በአንድ ቀን ሊገድለው ይችላል። ጽዳቱ ቋቱን አውርዶ፣ የቫልቭ ክዳኑን ከፍቶ፣ በእጅ የሚሠራ ነው። ኢንጀክተሮቹ ከወጡ ዘንድ የሚቀመጡበት ጉድጓድ ወለል በተገቢው ብሩሽ ይጽዳ፣ ሮንዴላው ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፣ ማጥበቂያው በስሜት ሳይሆን በቶርክ ሬንች ይጥበቅ። ኢንጀክተር ራሱ የሚቀየር ከሆነ በላዩ ላይ የታተመው ረጅም የኮድ ቁጥር በስካነር ወደ መኪናው ኮምፒውተር መግባት አለበት፤ ይህን የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፣ ሞተሩም በኋላ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲንቀጠቀጥ «ኢንጀክተሩ ፎርጅድ ነው» ይባላል።

ስካነሩ ካለ ሌላም ነገር ይነግረናል። ሞተሩ በሚገባ ሞቆ በሚኒሞ ሲዞር ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የናፍጣ መጠን ምን ያህል እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሚያመጣጥን በቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ ከ+3 በላይ ወይም ከ-3 በታች የሄደ ሲሊንደር ኢንጀክተሩ መጠርጠር አለበት። ከመጠን በላይ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ጥቁር ጭስ ብቻ አይደለም መዘዙ፤ ጉዳዩ ሳይታይ ሲቆይ ፒስቶኑን አናቱ ላይ እስከ መሰንጠቅ ያደርሳል። ስለዚህ የእርስዎን ጥቁር ጭስ በቱርቦ ብቻ ማሳበብ ገና አይቻልም።

ጥቁር ጭስ በአጭሩ ለሚረጨው ናፍጣ የሚበቃ አየር አለመኖሩን ይናገራል። በዚህ ሞተር አየሩ ከቱርቦው ወጥቶ በሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ውስጥ ካለፈ በኋላ ነው ወደ ሲሊንደር የሚገባው፤ መንገዱ ላይ ያሉት የጎማ ቱቦዎች ከዕድሜ ብዛት ከሥር በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ ይሰነጠቃሉ። በሚኒሞ ሲዞር ስንጥቁ ይገጠማል፣ ዳገት ላይ ግፊት ሲመጣ ይከፈታል። ፉጨቱ ጎላ ያለውም ሆነ ጉልበቱ ያነሰው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ቱቦዎቹ ተፈትተው በእጅ እየተጠማዘዙ ይታዩ፤ ረዳት ሰው ነዳጅ እየረገጠ በሳሙና ውሃ ቢፈተሹም አረፋው ቦታውን ያጋልጣል። የአየር ፊልትሮውንም በዚያው ይመልከቱት። ከኮሪደር ልማቱ ሥራ ጋር በመሀል ከተማ የነበረውን አቧራ የሚያስታውስ ሰው፣ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው የፊልትሮ መቀየሪያ ኪሎ ሜትር ለእኛ መንገድ እንዳልተጻፈ ይገባዋል። በርካሽ የሚሸጡ ፊልትሮዎች ጠርዛቸው ከቤቱ ጋር በደንብ ስለማይገጥም አቧራውን በጎን ያሳልፋሉ፤ የቱርቦው ክንፎች በአሸዋ እንደተሞረዱ ሆነው የሚገኙትም በዚህ ምክንያት ነው።

ቱርቦው ራሱ የሚመረመረው ከዚህ በኋላ ነው። የአየር መግቢያው ቱቦ ይፈታና የዘንጉ ጫፍ በሁለት ጣት ይያዝ። ወደ ጎንና ወደ ላይ ትንሽ መወዛወዝ ቢኖረው አይደንግጡ፤ ዘንጉ በዘይት ላይ የሚንሳፈፍ ነው ብዬ ነበር፣ ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ስለሚወርድ ለዘይቱ የተተወው ክፍተት ለጣት ይሰማል። ስንቱ ጤነኛ ቱርቦ በዚህች መወዛወዝ ብቻ «ሞቷል» ተብሎ ተጥሏል! መኖር የሌለበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚደረግ፣ በጣት የሚታወቅ እንቅስቃሴ ነው፤ ክንፎቹ ግድግዳውን የነኩበት ጭረት ካለም ጉዳዩ አብቅቷል። የእርስዎ ቱርቦ በተጨማሪ በጭሱ በኩል አቅጣጫቸውን የሚቀይሩ ትንንሽ ምላሶች አሉት፤ የሚያንቀሳቅሳቸውም የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ምላሶቹ በጥላሸት ተይዘው ባሉበት ሲደርቁ ጉልበት ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩም ፒ0299 የሚል የግፊት ማነስ ኮድ ሊመዘግብ ይችላል። ይህ ከሆነ ቱርቦው መጣል አይኖርበትም፤ ተፈትቶ በጥንቃቄ ከጸዳ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ስለሚጎድለው ዘይት ደግሞ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የአምራቹ መጽሐፍ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ድረስ ይታገሣል፤ ስለዚህ የእርስዎ ፍጆታ በወረቀት ላይ ከገደቡ በታች ነው። እኔ ግን አልወደድኩትም፤ በተለይም በሁለት ወር ውስጥ የመጣ ለውጥ ከሆነ። ቱርቦ ዘይት የሚያፈስሰው ሁልጊዜ ስለተበላሸ አይደለም። ከቱርቦው የሚመለሰው ዘይት ወደ ቋቱ የሚወርደው በግፊት ሳይሆን በራሱ ክብደት ነው። የመመለሻው ቱቦ በጥላሸት ከጠበበ፣ ወይም የፒስቶን ፋሻዎቹ አልቀው በሞተሩ ሆድ ውስጥ የጋዝ ግፊት ከተከማቸ፣ ዘይቱ መውረጃ ሲያጣ በቱርቦው ሁለት ጎን ይወጣል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው እዚያው ላይ ገልብጠው ያስቀምጡት፤ በቀስታ የሚርገበገብ ከሆነ ደህና ነው፣ ጭስ እየተፋ የሚያሽቀነጥረው ከሆነ ግን ሕመሙ ከቱርቦ በታች ነው። ያንጊዜ የሲሊንደሮቹ ግፊት በኮምፕሬሽን ጌጅ ይለካ። የሚያፈስሱ የኢንጀክተር ሮንዴላዎችም ይህንኑ የሆድ ግፊት ስለሚያመጡ፣ ፋሻ ላይ ከመፍረድ በፊት እነሱ ይቀየሩ።

ሁለተኛው መካኒክ «ቱርቦው ይነቀል» ያለውን በተመለከተ ለዘብ ብዬ መናገር አልችልም፤ ከከተሞች ሁሉ ለአዲስ አበባ የማይሆን ምክር ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌላቸው አሮጌ የናፍጣ ሚኒባሶችና የጭነት መኪኖች ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጡ የሚያጠቁሩን ለዚህ ነው፦ ፓምፓቸው የሚረጨው ናፍጣ ለቆላ የተመጠነ፣ የሚያገኙት አየር ግን የደጋ ነው። ቱርቦ ይህንን ጉድለት በማሟላት በደጋ አገር ያለ የናፍጣ ሞተር እንዲተነፍስ የሚያደርግ ዕቃ ነው። የእርስዎ ሞተር ደግሞ ከመጀመሪያው ለቱርቦ የተቀረጸ ነው፤ ቱርቦው ቢነቀል ኮምፒውተሩ የሚጠብቀውን ግፊት ስለሚያጣ ጉልበቱን ይቀንሳል፣ ጭሱ ይብሳል፣ ዳገቱም በሁለተኛ ማርሽ የሚገፋ ይሆናል። ከፍታው በቱርቦው ላይ ሸክም መጨመሩ እርግጥ ነው፤ ያንኑ ግፊት ለማምጣት ከቆላው ይልቅ በፍጥነት መዞር አለበት። ይህ ግን ዘይቱን ለማሳመር እንጂ ቱርቦውን ለመጣል ምክንያት አይሆንም።

ስለ ውሎዎ ያነሱት ነገር ከሁሉ ይልቅ አሳሰበኝ። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠዋት መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ሞተሩ ሳይጫን፣ ሳይሞቅ ይደርሳል። ትልቅ የናፍጣ ሞተር በእንዲህ ያለ ጉዞ የሥራ ሙቀቱን አያገኝም። ያልተቃጠለ ናፍጣ በፋሻው በኩል ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ እርጥበቱ አይተንም፣ ከጭሱ ከፊሉን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚልከው የጭስ መመለሻ ቫልቭም በአየር መግቢያው ውስጥ ጥላሸቱን ከዘይት ተን ጋር እያቦካ እንደ ቅጥራን ይለጥፈዋል። ማታ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የቀዘቀዘው ሞተር ከለገሃር ጀምሮ ወዲያው ዳገት ይጠብቀዋል። ለዚህ ሞተር 260,000 ኪሎ ሜትር በረጅም መንገድ የተጓዘ ቢሆን ኖሮ ብዙ አልልዎትም ነበር፤ በመሀል ከተማ የተሠራ 260,000 ግን ሌላ ነው። በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ ወጥተው፣ ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል በተረጋጋ ፍጥነት ቢነዱት የቱርቦው ምላሶችም የጭስ መስመሩም ይጠራሉ። የአዳማ ዘመድ ያለው ሰው መኪናው ይበረክትለታል ብዬ ደንበኞቼን እቀልዳለሁ፤ ቀልዱ ግን እውነት አለው።

በዚህ አነዳድ ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም በየስድስት ወሩ ይቀየር፤ ፊልትሮውም አብሮ። ዓይነቱ ለናፍጣ ሞተር የተመደበ 15ደብሊው-40፣ ደረጃው ሲአይ-4 የሆነ ይበቃል፤ ሞተሩ ከፊልትሮው ጋር 7 ሊትር ያህል ይወስዳል። ባለ አንድ ቁጥር 40 ዘይት «ወፍራም ስለሆነ አይጎድልም» እየተባለ ሲመከር እሰማለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ላይ ያ ወፍራም ዘይት ከቋቱ ተነሥቶ ቱርቦው ድረስ እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜ ቱርቦው በደረቁ ይዞራል፤ ወንፊቱ በከፊል የደፈነ ከሆነማ ጭራሹን ይብሳል። ዘይቱን ማሸጊያው ካልተነካ ዕቃ፣ ከሚያምኑት ሱቅ ይግዙ።

አዲስ የተነሣ ሞተር ለመጀመሪያው ደቂቃ ነዳጅ አይረገጥበት። ከማጥፋት በፊት ማስቆየትን በተመለከተ ግን ወሬው ከልክ አልፏል። በመጨናነቅ ውስጥ እየተንፏቀቁ መጥተው ካቆሙ ቱርቦው ቀድሞውኑ ቀዝቅዟል፤ ወዲያው ቢያጠፉት አይጎዳም። ዳገት ወጥተው ወዲያው ካቆሙ፣ እርስዎ ማታ ማታ እንደሚያደርጉት፣ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይቆይ፤ አለበለዚያ በጋለው ዘንግ ዙሪያ የቀረው ዘይት እዚያው ይከስላል። የፓርኪንግ ሠራተኛው «አጥፋው እንጂ፣ ጭሱ ፈጀን!» ቢልዎ ይታገሡት።

ናፍጣው ሌላ ራሱን የቻለ ርእስ ነው፤ አሳጥሬ ልለፈው። በ1ኬዲ ዓይነት ሞተር ውስጥ ያለው ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ የሚቀባው በሚያሳልፈው ናፍጣ ብቻ ስለሆነ ውሃ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ፓምፑንም ኢንጀክተሩንም ይፍቃል። ማደያዎች ወረፋ በያዙበት ሰሞን በጀሪካን የሚሸጠውን መግዛት የአንድ ቀን ጉዞ ያተርፋል፣ የአራት ኢንጀክተር ዋጋ ያስከፍላል። የናፍጣ ፊልትሮው በየ10,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር፣ ከሥሩ ያለው የውሃ ማውጫ ቡሎንም በወር አንድ ጊዜ ላላ ተደርጎ ውሃው ይውረድ።

ጥያቄዎ ውስጥ ያልተነሣ፣ ግን ቸል ልል የማልችለው አንድ ነገር አለ። ይህ ሞተር ካምሻፍቱን፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ የሚያዞረው በሰንሰለት ሳይሆን በቺንጋ ነው፤ ቺንጋው በ150,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፣ አንዳንድ አገር በ100,000 ያዛሉ። በዳሽቦርዱ ላይ የቺንጋውን ጊዜ የሚያስታውስ መብራት አለ፤ ነገር ግን መብራቱ በቁልፍ የሚጠፋ ስለሆነ የቀድሞው ባለቤት አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። መቼ እንደተቀየረ የሚገልጽ ደረሰኝ ከሌለዎት እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። ሲበጠስ ቫልቮቹና ሮከሮቹ አብረው ይሄዳሉ። ከሙጫ ራዲያተር ማሸጊያና ከቧንቧ ውሃም ይራቁ፤ በአዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላልና የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዙና ትክክለኛው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ መሞላቱ ከቆላው ይልቅ እዚህ ያስፈልጋል።

ከምርመራው በኋላ ቱርቦው በእርግጥ መቀየር ካለበት፣ የዘይት መግቢያ ቧንቧው አብሮ ይቀየር ወይም ቢያንስ ውስጡ ክፍት መሆኑ ይረጋገጥ፤ መገጣጠሚያው ላይ ሲሊኮን አይቀባ፣ ተቆርሶ የሚገባው ሲሊኮን ቀዳዳውን ይደፍናልና። ኢንተርኩለሩ ከአሮጌው ዘይትና ከብረት ፍርፋሪ ይጽዳ። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በቱርቦው የዘይት ቀዳዳ ንጹህ ዘይት ይንጠብጠብበት። ኢንተርኩለር ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት ሌላም አደጋ አለው፦ ሞተሩ ያንን ዘይት እንደ ናፍጣ ማቃጠል ከጀመረ ቁልፉን ቢያጠፉም አይቆምም፣ ዙሩ እየጨመረ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምዎና መኪናው በእጅ ማርሽ የሚሠራ ከሆነ ፍሬኑን አጥብቀው ረግጠው ከፍተኛውን ማርሽ ያስገቡና ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ሞተሩን ያፍኑት፤ ኮፈን ከፍተው እጅዎን ወደ አየር መግቢያው እንዳያስገቡ።

ስለ መሸጡ፦ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ በእጅዎ ያለውን የሚተካ መኪና የሚያገኙት ከዚሁ ከአገር ውስጥ አሮጌ ገበያ ነው፤ ይህም የእርስዎን ታሪኩን የሚያውቁትን ሞተር ሰጥተው ታሪኩን የማያውቁትን መቀበል ማለት ነው። ብሎኩ ጤነኛ ከሆነ፣ የኮምፕሬሽኑም ልክ ከያዘ፣ ለሮንዴላ፣ ለወንፊት ጽዳት፣ ለቺንጋና ለቱቦ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ አዲስ ቱርቦ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ነው። ኮምፕሬሽኑ ወድቆ ከተገኘ ግን ሒሳቡ ይለወጣልና ቁጥሮቹን ይላኩልኝ፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ሥራውን ለሚሰጡት ጋራዥ ቅደም ተከተሉን በግልጽ ይንገሩ፦ መጀመሪያ ስካነር፣ ቀጥሎ ቱቦና ፊልትሮ፣ ከዚያ የዘይት ግፊትና ኮምፕሬሽን፣ ከዚያ የዘይት ቋቱ። ቋቱ በሚወርድበት ሰዓት እርስዎም ቦታው ላይ ይገኙ፤ ወንፊቱ ሳይጠረግ በፊት በዓይንዎ ይዩት፣ ፎቶም ያንሡት።